ከአንድ ገንዳ

ዳምጤ በመተማ ቆላ አዳኝ ነበር፤ ውሾቹ እንደ ልጆቹ ናቸው ይባል ነበር። በሰባ ሰባቱ ረሃብ ድንበር ተሻግሮ ገዳሪፍ ዳር ሲሰፍር ግን ጦሩም ውሾቹም አብረውት አልነበሩም። የቀረው እውቀቱ ብቻ ነው፤ እሱኑ እንጀራው አደረገው።

ሰሊጥ አጨዳ የሚወርዱት ስደተኞች ውሻ ይዘው መሄድ አይችሉም። የእርሻው ወኪል ውሻ ያየ እንደሆነ ባለቤቱንም አብሮ ያባርራል። ስለዚህ ዳምጤ ግቢውን በእሾህ አጠረና አጫጆቹ እስኪመለሱ ውሾቻቸውን ማቆየት ጀመረ። ከቄራ አጥንትና ደም ለምኖ ያበላቸዋል፤ ባለቤቶቹ ሲመለሱ ዱራ ይሰፍሩለታል፤ እዚያ ማሽላን ዱራ ነው የሚሉት። «ሰው በሚረግፍበት ዘመን ውሻ ይቀልባል» እያሉ ያሙታል። ያሙት እንጂ፣ አጨዳው ሲደርስ ሐሜተኞቹም ውሻቸውን እየጎተቱ ደጁ ይቆማሉ።

ወርቅውሃም መጣች። መበለት ናት። ልጆቿን በመንገድ ቀብራ የገባችው አንዲት የልጅ ልጇን አዝላ ነው። ሕፃኗ የምትኖረው በአንዲት ፍየል ወተት ነው፤ ፍየሏ የምትኖረው ደግሞ መከታ በሚባለው ውሻ ነው። የዚያን ዓመት ጅቡ ሬሳ ለምዶ ሰው መፍራት ትቶ ነበር። ወርቅውሃ አጨዳ ስትወርድ ሕፃኗንና ፍየሏን ለጎረቤቷ ለዘኪያ አደራ ሰጠች። ዘኪያ ግን በምትሰግድበት ቤት ውሻ አታስገባም።

«ሌላ የለኝም፣ አያ ዳምጤ» አለችው።

«እንደ ዓይኔ ብሌን እጠብቀዋለሁ» አላት። ከልቡ ነበር።

አንድ ቀን አስናቀው የሚባል አጫጅ ዓይኑ የሚያለቅስ ቀይ ውሻ አመጣ። ዳምጤ የመንገድ አቧራ መሰለው። አዳኞች አንድ ሕግ አላቸው፦ አዲስ ውሻ ከነባሮቹ ጋር ከአንድ ገንዳ ካልበላ ዱር ውስጥ ይናከሳል። እዚህ ምን አደን አለ? ምንም። እሱ ግን የአባቱን ሕግ አልለቀቀም። ቀዩን ውሻ አንገቱን ይዞ ከገንዳው አስጠጋው፤ ነባሮቹ ሲያጉረመርሙ ገሠጻቸው፤ ሁሉም አፋቸውን አንድ ላይ ነክረው በሉ። ዳምጤ ቁጭ ብሎ ሲያያቸው ደስ አለው፤ ለብዙ ጊዜ እንደዚያ ደስ ብሎት አያውቅም ነበር።

አጫጆቹ ሲመለሱ ውሾቹ ያስላሉ። «ጉንፋን ነው፣ ይተዋቸዋል» አለ። አልተዋቸውም። አፍንጫቸው መግል ያዘ፣ እግራቸው ተንቀጠቀጠ፣ ኋላም ምግብ እንቢ አሉ። በየጎጆው ደጅ ውሻ ሞተ። መከታም ቤቱ በገባ በሳምንቱ ወድቆ አልተነሣም።

ዳምጤን የደበደበው የለም። መደብደብም ጉልበት ይጠይቃል። ሰላምታ ብቻ ነሡት።

ዘኪያ በዚያው ሰሞን ከባሏ ጋር ለሥራ ወደ ኒው ሀልፋ ሄዳለች። ወርቅውሃም ሌላ መጠጊያ አጥታ ፍየሏን በሣር ጎጆዋ ማሳደር ጀመረች፤ ሣር ደግሞ ለጅብ ምኑ ነው? ዳምጤ ይህን ሲሰማ እህል አልወርድለት አለ። በመጨረሻ ዱላውን ይዞ በጠዋት ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በደጇ ሊያድር፣ በውሻው ፋንታ እሱ ሊጠብቅ ቆርጦ ነበር።

ወርቅውሃ ደጅ ቁጭ ብላለች። የጎጆዋ ግድግዳ በአንድ በኩል ተዘንጥሏል። ፍየሏ ከእግሯ ሥር ተኝታለች፤ ጅቡ ግቷን ቦጭቆ ወስዶታል። ገና ትተነፍሳለች።

«ልጠብቅልሽ ነበር የመጣሁ» አላት።

«መጣህ እንግዲህ።» ቢላዋ አቀበለችው። «ሳትበከት እረዳት። የሚያርድልኝ ወንድ የለኝም።»

ዳምጤ ቢላዋውን ይዞ ቆመ። ሴት አታርድም፤ ቤቷ ደግሞ ወንድ የለም፤ ፍየሏ ሳትታረድ ከሞተች ደግሞ ሥጋዋ አይቀመስም። በሥላሴ ስም ብሎ ባረካት። ሕፃኗ ከጎጆው ውስጥ ታለቅስ ነበር፤ የወተቷ ሰዓት ነው።

ወርቅውሃ ከሥጋው ለአራጁ የሚገባውን ቆርጣ በቅጠል ሰጠችው። እንቢ ሊል ፈለገ። እጁ ግን ቀድሞት ተዘረጋ።

ቤቱ ገብቶ በፍም ላይ ጠብሶ በላው። እያለቀሰ በላው። ሥጋው ይጣፍጥ ነበር፤ ይህን ነው እስኪሞት ለማንም መናገር ያቃተው።