ሽማግሌዎቹና የምረቃዬ ዳቦ

ባለፈው እሑድ ቅዳሴ ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ሦስት ሽማግሌዎች መጥተው ደጃችን ላይ ቆሙ... እኔ ደግሞ እየሮጥኩ ገብቼ የምረቃ ጋውኔን ለበስኩ።

አትሳቁብኝ። ከተመረቅኩ ገና ሳምንቴ ነው። ሲቪል ኢንጂነሪንግ፣ ያውም በማዕረግ። የትውልድ ከተማዬ ሞላሌ ከገባሁ ጀምሮ ግን «እንኳን ደስ አለሽ» ያለኝ ሰው ሁሉ ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር አለው። «እንኳን ደስ አለሽ! ሰርጉስ መቼ ነው?» «እንኳን ደስ አለሽ! ወንድ ብትሆኚ እኮ የት በደረስሽ!» የት እደርስ እንደነበር የነገረኝ ግን የለም። አባቴ ራሱ ኩራት ሲይዘው የሚለው «ይቺ ልጄ እኮ ወንድ ናት!» ነው። ስምንተኛ ክፍልን የደጋገመው ወንድሜም እዚያው ቁጭ ብሎ ይሰማል።

እንግዲህ ሽማግሌ በእግሩ መጥቶ ሊያከብረኝ ነው ብዬ ቆቡን ሳይቀር ደፍቼ ወጣሁ።

ከፊት የቆሙት የነፍስ አባታችን መምሬ ተክሌ ናቸው። አጠገባቸው ያሉት ጋሽ ደምሴ ከላይ እስከ ታች አዩኝና ደነገጡ።

«ምነው ልጄ፣ ጥቁር ለበስሽ? ማን ሞተ?»

እሳቸው ራሳቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው የሚደርስ ጥቁር በርኖስ ለብሰዋል። ማንም አልሞተባቸውም።

«የምረቃ ልብስ ነው ጋሼ። ይግቡ እንጂ... ይቀመጡ!»

«የለም፣ አንቀመጥም። አባትሽን ጥሪልን፣ ጉዳይ አለን።»

ያኔ ጠረጠርኩ። በእኛ አገር እንኳን ደስ አለሽ ሊል የመጣ ሰው ይቀመጣል። አልቀመጥም፣ አልበላም፣ አልጠጣም የሚለው ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ ነው። ቃሉን ተናግሮ መልስ ሳያገኝ እህል ከቀመሰ፣ ሽምግልናው እዚያው ፈረሰ።

አባቴ ወጣ። ጋሽ ደምሴ በዱላቸው ተደግፈው ጀመሩ።

«ልጅህ አኩርታናለች። አገር አስጠርታለች። እንዲህ ያለ ልጅ ይባረክ! ... እንግዲህ ትልቋ ተምራ አመለጠችን። ከአንድ ቤት ደግሞ አንድ የተማረ ይበቃል።»

ለካ የመጡት ለታናሼ ለብርቄ ነው! የባለ አይሱዙው ልጅ ሚስት እየፈለገ መሆኑን ከተማው ሁሉ ሰምቷል። ብርቄ አሥራ አንደኛ ክፍልን አንደኛ ወጥታ ጨርሳ፣ የመጪውን ዓመት ማትሪክ ብቻ ነው የምታስበው። እና የእኔ መመረቅ እሷን ትምህርት ማስቋረጫ ምክንያት ሆነላቸው። ጋውኔ ውስጥ ቆሜ በንዴት ጦፍኩ።

አባቴን አየሁት። መሬት መሬት ያያል። ልጁን መስጠት እንደማይፈልግ አውቃለሁ፤ ግን የነፍስ አባቱን ጨምሮ ሦስት ሽማግሌ ደጁ ላይ አቁሞ «አልሰጥም» የሚልበት አንጀት የለውም። እኔም አፌን ልከፍት ስል...

ብርቄ ከጓዳ ወጣች። እናታችን ለእኔ ምረቃ የጋገረችውን ትልቁን የገብስ ዳቦ በሁለት እጇ ታቅፋለች። ቀጥ ብላ ሄዳ መምሬ እግር ሥር ተንበረከከች።

«መምሬ፣ የእህቴ የምረቃ ዳቦ ነው። እርስዎ ሳይባርኩት ማን ይቆርሰዋል? ይባርኩልን።»

ቄስ ዳቦ ቀርቦለት «አልባርክም» ሲል አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። ጋሽ ደምሴ ግን ነገሩ ገብቷቸዋል።

«መምሬ... እርስዎ ጾም ላይ አይደሉም እንዴ?»

«ሰንበት ነው እኮ ጋሼ» አለች ብርቄ፣ ቀና ሳትል።

መምሬ መስቀላቸውን አወጡ። ባረኩ፣ ቆረሱ... ቀመሱ። ለሁለቱም አደሏቸው። የተባረከ ዳቦ እንቢ አይባል ነገር፣ ጋሽ ደምሴ መራራ መድኃኒት የሰጧቸው ይመስል ወደ አፋቸው ከተቱት።

ብርቄ አሁንም አልተነሳችም።

«እኔንም ይመርቁኛ መምሬ። እንደ እህቴ ትምህርቴን እንድጨርስ።»

የምርቃት አፍ ደግሞ አንዴ ከተከፈተ ወዲያው አይዘጋም። «እንደ እህትሽ ተምረሽ፣ ጨርሰሽ፣ ይህንኑ ጥቁር ልብስ ለብሰሽ ለማየት ያብቃን!» አሉ መምሬ በሙሉ ድምፃቸው።

«አሜን!» አልን ሁላችንም። ከልማድ ብዛት ጋሽ ደምሴም አሉ... ከዚያ የሚገቡበት ጠፋቸው።

«መምሬ... የመጣንበት ጉዳይስ?»

«በል ተው ደምሴ! የመረቅኩበት አፍ ገና ዳቦ አልዋጠም፤ በዚሁ አፌ ምርቃቴን ላፍርሰው?»

አባቴ ትንፋሹ መለስ አለ። «እንግዲህማ ተቀመጡ!» ብሎ ጠላ አስቀዳ። ተቀመጡ። ሲወጡ ጋሽ ደምሴ እጄን ጨብጠው «እንኳን ደስ አለሽ» አሉኝ። ይኸው ነው። ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር የሌለው እንኳን ደስ አለሽ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ጉንጫቸውን ልስም ምንም አልቀረኝ።

በሩ እንደተዘጋ አባቴ ብርቄን ጥምጥም አድርጎ አቀፋት። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«አይ ልጄ! ... አንቺስ ወንድ ነሽ!»

ብርቄ የዳቦውን ፍርፋሪ ከቀሚሷ ላይ እያራገፈች ቀና ብላ አየችው።

«ወንዶቹማ ዳቦአቸውን በልተው ሄዱ እኮ፣ አባዬ።»