መርፌዋን አምኜ ወደ ሰንዳፋ

ቦሌ

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እኔና ባለቤቴ ለታይ በአሮጌዋ ፊያታችን ከቦሌ ተነሣን። የተነሣነው ልጃችንን ለማስመለስ ነው። ሳሙኤል፣ በቤት ስሙ ሳሚ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሾላ ገበያ አጠገብ ከመንገድ ታፍሶ ተወሰደ። ብሔራዊ ውትድርና ነው አሉን። ዕድሜው ደርሷል፣ በዚያ አንከራከርም። ነገር ግን ሳሚ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለበት። እንክብሉን ጠዋትና ማታ ከዋጠ ማንም አያውቅበትም፤ ካቋረጠ ግን ይጥለዋል። ያለ መድኃኒት ሁለት ሌሊት አድሯል። እሱ ደግሞ ቢቆራርጡትም አይናገርም። ነገሩ በሰፈር እንዳይሰማ ዝም ማለትን ያስተማርነው እኛው ነን። ለታይ የእንክብሉን ጠርሙስና የሆስፒታሉን ካርድ በቦርሳዋ ይዛለች።

የሄድንበት መንገድ አጭር ነው። ድሮ ሰው ለእሑድ ሽርሽር የሚወጣበት፣ የጉዞ ማስታወሻ ሊጻፍለት የማይገባ መንገድ ነው። እኔ ግን በሕይወቴ ከዚያ የረዘመ መንገድ ሄጄ አላውቅም።

ስለ መኪናዋ ጥቂት ልበል፤ ያለዚያ የሆነው ነገር አይገባም። ሥራዬ የአውሮፕላን መለኪያዎችን መፈተሽና መጠገን ነው። ሌላው ሰው መኪና ሲገዛ ሞተርና ጎማ ያያል። እኔ ይህችን ፊያት የገዛሁት ለዳሽቦርዷ ስል ነው። ጥቁር ፊት፣ ነጭ ቁጥር፣ ቀጭን መርፌ ያላት አንዲት ትልቅ የፍጥነት መለኪያ አለቻት። ከጎኗ ሁለት ትናንሽ ክቦች አሉ፤ አንዷ የሙቀት፣ አንዷ የቤንዚን። የሠራት ሰው ማንም ይሁን ማን ዓይን እንዴት እንደሚደክም የገባው ሰው ነበር። ሁሉም ነገር ደህና ሲሆን መርፌዎቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚያዘነብሉ ማንበብ እንኳ አያስፈልግም፤ ገረፍ አድርጎ አይቶ ማለፍ ነው። በቅርቡ አንድ የእርዳታ ድርጅት መኪና ውስጥ ቁጥር እያበራ የሚናገር ዳሽቦርድ አይቼ ነበር። የሥራ ባልደረቦቼ ተደነቁ፣ እኔን ግን አናደደኝ። ቁጥር ስንት ላይ እንዳለህ ብቻ ይነግርሃል። መርፌ ወዴት እየሄድክ እንደሆነና ምን ያህል እንደቀረህ ጭምር ታሳይሃለች።

በሙያችን አንድ ሕግ አለ። ደመና ውስጥ የገባ አብራሪ ጆሮውንም ሆዱንም አያምንም፤ የሚያምነው መርፌውን ነው። ይህን ለሳሚ ገና ትንሽ ልጅ ሳለ ጀምሬ ሳልሰለች ነግሬዋለሁ። እሱም መኪናዋን ከእኔ በላይ ይወዳት ነበር። ቀበሌው ለስብሰባና ለዘመቻ እያለ በየጊዜው ሲወስዳትና አቆሳስሎ ሲመልሳት የሚብሰው እሱን ነበር።

ያን ጠዋት ቁልፉን ሳዞር የቤንዚኗ መርፌ ከሩብ በታች ቆመች። ረቡዕ በኩፖናችን ስቀዳ ከግማሽ አልፋ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ መኪናዋ ከግቢ አልወጣችም።

ለታይ አይታው፣ “ረቡዕ ቀድተህ አልነበረም?” አለችኝ።

ሌሊት በጎማ ቱቦ መጥጠው ወስደውብናል አልኳት። በዚህ ዘመን ቤንዚን ከቆመ መኪና መስረቅ እንግዳ ነገር አይደለም። እንደ ልማዴ መስታወቱን በጣቴ መታ መታ አደረግሁት። መርፌዋ ተንቀጥቅጣ ተመልሳ እዚያው ቦታ ላይ ረጋች። የተበላሸች መርፌ እንዲህ አትሆንም። ደህና ናት አልኩና ማርሽ አስገባሁ።

ሾላ

በሃያ ሁለት አድርገን ወደ መገናኛ ወጣን። አውቶቡስ የሚጠብቀው ሰልፍ አስፋልቱን ሊዘጋ ምንም አልቀረውም። ሾላ ገበያ ሥራ ጀምሯል፤ ሴቶች ሽንኩርቱንና ቃሪያውን በመደብ በመደብ ደርድረዋል። አንድ ነገር ግን ጎድሎ ነበር። ጆንያ የሚሸከሙት ሽማግሌዎች ናቸው። አንድም ጎረምሳ አላየሁም። አንዱ አዛውንት ኩንታል ጤፍ በጀርባቸው ይዘው እግራቸው እየተብረከረከ ሲያልፉ ለታይ ፊቷን ወደ ሌላ አዞረች።

ልጆቹ ታጉረው ያደሩበት ግቢ በር ላይ አንድ ጠብመንጃ የያዘ ዘበኛ ብቻ ነበር። የጭነት መኪናዎቹ ማልደው ሄደዋል አለን። ለታይ ጠርሙሱን አውጥታ ስታሳየው ግራና ቀኝ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። በኮተቤ ነው የወጡት፣ እዚያም ሌሎች ስለሚጭኑ ይቆያሉ አለን። ሰንዳፋ ላይ የሕክምና ሰው አለ፤ በሽተኛ የሚለየው እዚያ ነው። ቤተሰብ ማስረጃ ይዞ ከደረሰ ያወርዱታል፤ ከሰንዳፋ ካለፈ ግን የሚያወርደው የለም። ለታይ የዘበኛውን እጅ ልትስም ስትል ደንግጦ ወደ ኋላ ሸሸ።

የኮተቤ መንገድ ወደ ሰሜን ነው። ወደ ጦሩ ነው ማለት ነው። በዚያው መንገድ ጫፍ ደግሞ የለታይ የትውልድ አገር አለ። ሳሚ አጎቶቹ ባሉበት አገር ሊዋጋ እየሄደ ነበር። ሁለታችንም ይህን እያሰብን ነበር። ሆድ ይፍጀው ነው።

ኮተቤ እና ለገጣፎ

ኬላው ላይ መታወቂያችንን አዩና ወዴት እንደምንሄድ ጠየቁን። ለቅሶ ነው አልኩ፤ እስከ ሰንዳፋ ያለ ይለፍ የሚያሳልፈው እሱ ብቻ ነው። ጠባቂው የለታይን ፊት አይቶ፣ “እግዜር ያጽናችሁ” ብሎ ገመዱን አወረደልን። ያኔ ነው በእውነት ማልቀስ የጀመረችው።

ከኮተቤ ወዲያ ባሕር ዛፉ እየሳሳ ሜዳው ይገለጣል። ገብሱ ቢጫ ሆኗል፣ ብርዱ በበሩ ስንጥቅ ይገባል። እኔ ግን ገብሱን ሳይሆን መርፌዋን ነበር የማየው። ዝቅ ትላለች። ዳገት ስንወጣ ትንሽ፣ ሜዳው ላይ ደግሞ ትንሽ። አንድ ቦታ ላይ ደርቃ ብትቀር ኖሮ እጠረጥራት ነበር። እሷ ግን ልክ ደህና መርፌ እንደሚያደርገው ቀስ እያለች ትወርድ ነበር። ለገጣፎን አልፈን አንድ ጉብታ ላይ ስንወጣ ከፊታችን ረጅሙ ሜዳ ተዘረጋ። ጫፉ ላይ ሸራ የለበሱ የጭነት መኪናዎች ተከታትለው ይሄዳሉ። ለታይ በሁለት እጇ ዳሽቦርዱን ያዘች።

ልክ ያኔ መርፌዋ ባዶ ላይ አረፈች፤ ቀይዋ መብራትም በራች። ዳር ይዤ ቆምኩ።

ስሌቱ ቀላል ነበር። እዚህ ሜዳ ላይ ቤንዚን ብንጨርስ የሚሸጥልን የለም፣ የሚያሳፍረን የለም፣ መኪናዋንም እኛንም ይይዙናል። የለታይ ወንድም ኪሮስ ግን ኮተቤ ነው፤ ደብቆ የሚያስቀምጠው ቤንዚን እንደማያጣ አውቃለሁ። ከሱ ቀድተን ብንመለስ ሰንዳፋ እንደርሳለን። ይህን ሁሉ አስረዳኋት። አንዱንም አልሰማችኝም።

“እስክትቆም ድረስ ንዳት” አለች። “ስትቆም እኔ በእግሬ እሄዳለሁ።”

“ለታይ፣ መርፌዋን እያት።”

“እኔ መርፌ አላውቅም። መኪናዋ እየሄደች ነበር፣ ያቆምካት አንተ ነህ።”

በሩን ከፍታ ወረደችና በመንገዱ ዳር መራመድ ጀመረች። ተከትዬ ክንዷን ይዤ መለስኳት። ስትገባ አልታገለችኝም። መሪውን አዙሬ ወደ ኮተቤ ተመለስኩ፤ ቁልቁለቱን ቤንዚን እንዳይባክን ብዬ ሞተር አጥፍቼ ነው የወረድኩት።

እንደገና ኮተቤ

ኪሮስ የእህል ነጋዴ ነው። ጮክ ብሎ የሚያወራ፣ ማንንም የማያምን፣ እህቱን ግን እንደ ነፍሱ የሚወድ ሰው ነው። ነገሩን ስንነግረው ከመጋዘኑ ጥግ፣ ከባዶ ጆንያ ሥር ጀሪካኑን አወጣ። ከመቅዳቱ በፊት ግን ከአጥሩ ቀጭን የባሕር ዛፍ እንጨት ሰብሮ ቅርፊቱን ላጠና የታንኩን ክዳን ከፈተ። ምን እየሠራህ ነው ስለው፣ እንዳትቀየመኝ፣ በዚህ ጊዜ ቤንዚን አለቀብኝ የሚል ሁሉ አልቆበት አይደለም አለኝ። እንጨቱን አስገብቶ አወጣው።

እንጨቱ እስከ ግማሹ እርጥብ ነበር።

ኪሮስ አየኝ። “አማቼ፣ እኔንም ማታለል ጀመርክ እንዴ?”

እንጨቱን ተቀብዬ አሸተትኩት፣ ራሴ ደግሜ አስገባሁት። ያው ነው። ፊቴን ሲያይ እንዳልዋሸሁት ገባው መሰለኝ ድምፁ ተለወጠ። የሱም መኪና መርፌ ባዶ ማለት ከጀመረች እንደከረመች በሹክሹክታ ነገረኝ። ታንኩ ውስጥ መርፌዋን የሚያዝ ተንሳፋፊ አለ፤ የሱን ሽቦ ትንሽ ወደ ላይ ማጠፍ ነው። ቀበሌ መኪና ፈልጎ ሲመጣ ቁልፉን አዙሮ ያሳያል፤ ቤንዚን የላትም ብለው ይሄዳሉ።

“ግማሹ ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው” አለኝ። “ያንተን ሽቦ ማን አጠፈው?”

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባላል። እኔን ግን ፈረሱ አልጣለኝም፤ ያለ ምክንያት ከላዩ ላይ የወረድኩት እኔ ራሴ ነኝ። ለታይ መኪናው ውስጥ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። በሩን ዘጋች።

ሰንዳፋ

መርፌዋ ባዶ ላይ ተኝታ፣ ቀይዋ መብራት እንደበራች፣ መኪናዋ በምትችለው ፍጥነት ሁሉ ሰንዳፋ ደረስን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ። ሜዳው ላይ የጎማ ምልክትና የብርቱካን ልጣጭ ብቻ ቀርቷል። ወደ ደብረ ብርሃን የሚወስደው ኬላ ላይ ይለፍ ጠየቁን። የለንም አልን። ለታይ ለመነች፣ ጠርሙሱን አሳየች። ወታደሩ ክፉ አልነበረም፤ መንገዱን ግን አልከፈተም።

ሻይ ቤቱ ደጃፍ ላይ አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር ተቀምጠው አገኘን። ልጁ አንድ ዓይኑ ላይ ሞራ አለበት፤ እሱን አውርደውላቸዋል። የእጃቸውን ቆሎ ዘግነው ለለታይ ሰጧት፤ በስሙኒ የገዙት እፍኝ ቆሎ ነው። የሕክምናው ሰው ደጋግሞ በሽተኛ አለ ወይ ብሎ ጠርቷል፣ ቤተሰብ የመጣለትም ይውረድ ብሏል አሉ። ለታይ አረንጓዴ ሹራብ የለበሰ፣ ቀጭን፣ ረጅም ልጅ አይተው እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

“አየሁት እንጂ” አሉ ሴትየዋ። “የኋለኛው መኪና ጫፍ ላይ ነበር። ሌሎቹ ሲያወሩ እሱ ከመንገዱ ዓይኑን አላነሣም። ሰው የሚጠብቅ ነበር የሚመስለው።”

ይጠብቅ ነበር። መኪናዋ ለሰንዳፋ የሚበቃ ቤንዚን እንዳላት በዚያ ሰዓት የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበር። አባቱ አሁን ይደርሳል ብሎ ይጠብቅ ነበር። ይህን ሳስብ እዚያው ሻይ ቤት ደጃፍ፣ ሰው እያየኝ፣ እንደ ሴት ወገቤን ይዤ አለቀስኩ።

ወደ ቤት

ስንመለስ ፀሐይ ወደ ምዕራብ አዘንብላ ነበር። ሾላ ላይ ገበያው ሲበተን ደረስን። ለታይ መንገዱን ሙሉ ጠርሙሱን በእጇ ይዛ ነበር። ቤት ገብተን በሩን እንደዘጋሁ የመኪናዋን ኋላ ከፍቼ ምንጣፉን አነሣሁና የታንኩን ክዳን ብሎኖች ፈታሁ። ተንሳፋፊውን ከነሽቦው አወጣሁት። ሽቦው ታጥፏል። እጥፋቱ ንጹሕ ነው፤ ሽቦው ሳይቆስል፣ በሁለት ፒንሳ ከሁለት ወገን ተይዞ የታጠፈ ነው። እንደዚያ ማጠፍን ከሥራ ቦታዬ ዕቃ አምጥቼ ሳሚን ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ከሳሚ ደብዳቤ አልመጣም። የት እንዳለ የሚነግረን የለም፤ መኖሩንም የሚነግረን የለም። ከጉዞ የተመለሰ ሰው አንድ ነገር ተምሬ መጣሁ ማለት አለበት። እኔ የተማርኩት መርፌ እንደምትዋሽ አይደለም፤ መርፌዋ ሽቦው እንደታጠፈ ነው የሠራችው። የተማርኩት ልጄ እኔን ምን ያህል እንደሚያውቀኝ ነው።

ያን ዕለት ለታይ ከኋላዬ መጥታ ሽቦውን እጄ ላይ አየችው። እኔን ለማጽናናት ይመስለኛል፣ “ሐሙስ ማታ ሊነግርህ አስቦ ይሆናል” አለችኝ።

“አይነግረኝም ነበር” አልኳት። “ቢነግረኝ ያንኑ ማታ አቃንቼው እንደምተኛ ያውቃል።”