ጣና የሚበላው ማርሚታ

በያጁ ቢያዝን የሠራው ማርሚታ፣ ያ የሞተር ጩኸት ማፈኛ፣ አይሞትም። በግሽ አባይ ክፍለ ከተማ ይህን የማያምን ሹፌር ካለ መንጃ ፈቃዱ ይመርመር። በጢስ ዓባይ መንገድ አንድ ሚኒባስ ገደል ገብቶ፣ ወንበሩ ለካፌ፣ በሩ ለዶሮ ቤት ሲከፋፈል፣ ማርሚታው ብቻ ሣር ላይ ተጋድሞ ሌላ ሚኒባስ ይጠብቃል ይባላል። ቢያዝን የጭስ ማውጫውን ቱቦ በደረቅ አሸዋ ጠቅጥቆ፣ በእሳት አግሎ ሲያጥፈው አንዲት ጭምትርታ አይገኝበትም።

የአንዲት መኪና ማርሚታ ግን በየወሩ ይወልቃል፤ የሥርጉት ቮልስ።

ሥርጉት ከደሴ መጥታ ፋብሪካ ቤተ ሙከራ የምትሠራ ልጅ ናት። መጀመሪያ የመጣች ዕለት ማርሚታው የእውነት በስብሶ ነበር። ቢያዝን ከመኪናው ሥር ተንጋሎ ሲሠራ፣ እሷ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጣ ስለ አለቃዋና ስለ አከራይዋ ድመት አወራችው። ሳቋ እየተሳበ መኪናው ሥር ድረስ ገብቶ አገኘው። ከዚያ ወዲያ እጁ ከዳው። ዙሪያውን አጥብቆ መበየድ የነበረበትን መጋጠሚያ ነካ ነካ ብቻ አድርጎ ሰደዳት።

በወሩ ቮልሷ እንደ ነጋሪት እየተጎሰመች፣ ዘንባባው ላይ ያለውን ወፍ ሁሉ ወደ ደቅ ደሴት እያሰደደች ተመለሰች።

«አሁን ደግሞ ምን ሆነ?»

«ጣና ነው፣ ሥርጉት። እርጥበቱ ብረት ይበላል።»

አራት ዓመት ሙሉ ጣና በላ። ምስኪን ሐይቅ! ዓሣ አልቆበት ወደ ብረት የዞረ እስኪመስል ስሙ ጠፋ። ሠፈሩ ግን ነገሩን ያውቃል። ከጋራዡ ፊት ለፊት አግዳሚ ላይ የሚውሉት መሪጌታ ጥዑመ ልሳንማ ከሁሉ በላይ ያውቃሉ።

«አንተ ልጅ፣ ይህች ልጅ ማርሚታ ስታስበይድ ልታረጅ ነው። እኔን ሽማግሌ ላከኝ እንጂ!»

«የኔታ፣ እኔ ጥላሸት ለባሹ እሷን የመሰለች...»

«ጥላሸቱንማ አይታዋለች። አራት ዓመት የተቀመጠችው ጎማ ወዳ ነው?»

«ጾሙ ይፈታና እልክዎታለሁ።»

ጾሙ ተፈታ። ከፋሲካ በኋላ አለ፤ ከፍልሰታ በኋላ፤ ከጥምቀት በኋላ። ቤተ ክርስቲያን ያላት በዓል ሁሉ አለቀበት።

ባለፈው ጥቅምት ሥርጉት መጣች። ማርሚታው አልወለቀም ነበር። ጎማውም ላይ አልተቀመጠችም።

«ሐዋሳ ልሄድ ነው» አለችው። «አባቴ ጋ ሽማግሌ ተልኮ ነበር። እሺ አልኩ።»

ቢያዝን የያዘውን መዶሻ የት እንደሚያስቀምጠው ጠፋው።

«እዚያም ሐይቅ አለ» አለች። «አንተ ግን የለህም። የማይወልቅ አድርገህ ሥራልኝ።»

ከሞተሩ አፍ እስከ ጭራዋ ሁሉን አዲስ ሠራ። ቱቦውን አጠፈ፣ ላሜራውን ጠቀለለ፣ መጋጠሚያውን ዙሪያውን ደራርቦ በየደ። በመጨረሻ ምስር የምታህል ክፍተት ቀረች። እሷን ቢተዋት ማርሚታው በወሩ ይወልቃል። ታዲያ ቢወልቅስ? ሐዋሳ ሌላ በያጅ ሊንጋለል፣ ሌላ ሰው ስለ ድመት ሊሰማ። ክፍተቷን ሲያያት ቆየ። ከዚያ የብየዳ ጭምብሉን ፊቱ ላይ አወረደና ደፈናት። ብየዳው አልቆ እሳቱ ከጠፋ በኋላም ጭምብሉን ቶሎ አላነሣም።

ሥርጉት ቮልሷ ውስጥ ገብታ ቁልፉን ያዘች፤ አላዞረችውም።

«ቢያዝን፣ ጣና የኔን ብቻ የሚበላው ለምን ነበር?»

የኔታ ከአግዳሚያቸው ብድግ አሉ። ሠፈሩ ትንፋሹን ዋጠ፤ የሐይቁ ማዕበል ሳይቀር ዳር ላይ ቆሞ ያዳመጠ ይመስላል።

«የብረቱ ጥራት ነው» አለ ቢያዝን።

«እሺ» አለች በመጨረሻ፤ ቁልፉንም አዞረች።

ሌላ ጊዜ ቢሆን እስከ ዓባይ ድልድይ ድረስ በጆሮው ይሸኛት ነበር፤ የት ማርሽ እንደቀየረች፣ የት ፍሬን እንደያዘች ሳይቀር ያውቃል። ያን ዕለት ግን ማዕዘኑን ሳትዞር ድምፁ ጠፋ። ቢያዝን አንገቱን አስግጎ ቆመ።

«ድልድዩን ተሻገረች?» አሉ የኔታ ቀስ ብለው።

«አይሰማም፣ የኔታ» አላቸው። «በደንብ ሠራሁት።»