የሁለት ሰዓቷ ክኒን

ፈሪ ነኝ። ሌላው ሰው ውሻ ይፈራል፣ ከፍታ ይፈራል፤ እኔ የምፈራው እንቅልፍ ማጣትን ነው። ሳልተኛ ካነጋሁ እወድቃለሁ። መጀመሪያ የወደቅኩት በአስራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ለፈተና ሁለት ሌሊት ሳልተኛ አንግቼ፣ ሳሪስ አቦ ታክሲ ሰልፍ ላይ እንደቆምኩ ነው። ስነቃ አንድ የማላውቀው ሰውዬ ክብሪት ጭሮ አፍንጫዬ ስር ይዞልኛል። የሚጥል በሽታ በክብሪት ሽታ ይለቃል ብሎ ነው፤ የማያምንበት ሰው በሰፈሩ አልነበረም። ሰውዬው ደግ ነበር። ግን እጁ ተንቀጠቀጠና የላይኛውን ከንፈሬን አቃጠለው። ምልክቱ ዛሬም አለ። ለጠየቀኝ ሁሉ «ልጅ ሆኜ ሻይ ፈሶብኝ ነው» እላለሁ።

ሐኪሜ ሁለት ነገር አዘዘልኝ፦ በቂ እንቅልፍ፣ እና በየአስራ ሁለት ሰዓቱ አንድ ክኒን። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት። የምሽቷን ረስቼ አላውቅም፤ እናቴ የት ሄዳ! ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው። የሁለት ሰዓት ዜና ሙዚቃ ሲጀምር እናቴ ከሶፋው ሳትነሳ «ክኒን!» ትላለች። ጎረቤት ሳይቀር ይሰማል፤ ደግነቱ የምን ክኒን እንደሆነ አያውቁም። እንደዚህ እያልን አራት ዓመት ሙሉ ሳልወድቅ ኖርኩ።

አቃቂ ያለው የክር ፋብሪካ ግን ምንም አያውቅም። የምሠራው ጥራት ቁጥጥር ክፍል ነው። ማሽን አልነካም፤ ቢሆንም በየቀኑ በማሽኖቹ መሀል አልፋለሁ። ቢያውቁ አንድ ቀን እንኳን እንደማያሳድሩኝ እርግጠኛ ነበርኩ።

ከዚያ ፋብሪካው ከብራዚል አዲስ ማሽን ገዛና ሁለት ሰው ለሦስት ሳምንት ሥልጠና ይሂድ ተባለ። አንዷ እኔ፣ ሁለተኛዋ የፈረቃ ኃላፊያችን ሆንን። ሃምሳዎቹን ያጋመሱ፣ ሲቆጡ ማሽኑ ራሱ የሚሰማቸው የሚመስል ሴት ናቸው። ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ ሲለኝ እኔ የማስበው በረራውን ብቻ ነበር። አንድ ሙሉ ቀን አየር ላይ! እንቅልፍ የሚባል ነገር በሌለበት! ደግሞ ከእትዬ አጠገብ!

ትኬት የሚቆርጠው የግዥ ክፍሉ ልጅ ሁለት ምርጫ አቀረበልን። አንዱ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት የሚነሳ፣ ሌላው ከምሽቱ አራት ሰዓት ተኩል።

«የስምንቱ ይሻላችኋል» አለ። «ትራንዚት ላይ ብዙ አትጠብቁም።»

በልቤ አሰላሁ። በስምንት ለመብረር በአምስት ኤርፖርት መገኘት አለብኝ፤ ሌሊቱ በወንበር ላይ አለቀ ማለት ነው። በአራት ተኩል ከሆነ ግን በሁለት ሰዓት ክኒኔን ውጬ እሳፈራለሁ፤ በለመድኩት ሰዓት ዓይኔን እጨፍናለሁ።

«የአራት ተኩሉ ይሁን» አልኩ። «ከቱሉ ዲምቱ በእኩለ ሌሊት መኪና አይገኝም።»

«ፋብሪካው መኪና ይልካል።»

«እናቴ ደግሞ በሌሊት ስወጣ ትፈራለች።» እናቴ በሕይወቷ የፈራችው ነገር የለም።

ልጁ ግራ ገብቶት «ሁለቱም ሌሊት አይደል እንዴ?» አለ። ከዚህ በላይ ብከራከር እንደሚጠረጥሩኝ ገባኝ። ያዳኑኝ እትዬ ናቸው። «ልጅቷ እንዳለችው ይሁን፤ እኔም መተኛት እፈልጋለሁ» አሉ።

ሐኪሙ ጋ ስሄድ የነገረኝ አጭር ነው። «የመጀመሪያዎቹን ቀናት በአገርሽ ሰዓት ዋጪ። የእጅ ሰዓትሽን እንዳትነኪ። ቢያመልጥሽም ደርበሽ ሁለት እንዳትወስጂ።» የእጅ ሰዓቴ እንደ ቤታችን ግድግዳ ሰዓት በእኛ አቆጣጠር የተሞላች ናት። አልነካትም ብዬ ማልኩ።

አውሮፕላኑ ውስጥ ያ ሁሉ ስሌት ገደል ገባ። እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ካልተኛሁ እወድቃለሁ እያልኩ በፈራሁ ቁጥር ይበልጥ ነቃሁ። ትራንዚት ወረድን፣ ሌላ አውሮፕላን ተሳፈርን፣ ቁርስ ሁለት ጊዜ አቀረቡልን፤ ፀሐይዋ ግን ወጥታ ያላለቀች ይመስል እዚያው መስኮቱ ላይ ቆማለች። በእጅ ሰዓቴ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲል ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ ክኒኔን ዋጥኩ። ስመለስ እትዬ አፋቸውን ከፍተው ያንኮራፋሉ። የዚያን ያህል በሰው ቀንቼ አላውቅም፤ ለጥቂት ደቂቃ ጠላኋቸው ብል ይቀላል።

ሲነቁ እጄን አዩና «ሰዓትሽን አስተካክዪ እንጂ፤ ስንደርስ ትደናበሪያለሽ» አሉኝ።

«እሺ፣ ቆይቼ» አልኩ።

ከዚያ ወሰድ አደረገኝ። አስር ደቂቃ ይሁን አንድ ሰዓት አላውቅም። ብንን ስል የቀኝ እጄ ጣቶች የሰዓቴን ማስተካከያ ይዘዋል። ያኔ ምንም አልመሰለኝም።

ብራዚል ደርሰን የፓስፖርት ሰልፍ ላይ ቆምን። ፊት ለፊታችን ግድግዳው ላይ ትልቅ ክብ ሰዓት ተሰቅሏል። ቀና ብዬ አየሁት፤ ልክ ሁለት ሰዓት ይላል። የእጅ ሰዓቴን አየሁ። ሁለት ሰዓት።

ክው አልኩ።

የእኔ ሰዓት ከእነሱ ጋር ሊገጥም አይችልም። ከገጠመ ነክቼዋለሁ ማለት ነው፤ ያኔ በእንቅልፍ ልቤ፣ እትዬ እንዳሉኝ፣ አስተካክዬዋለሁ። ብራዚል ከእኛ በስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ናት። እዚህ ሁለት ከሆነ፣ ሁለትና ስድስት ስምንት፤ አገር ቤት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሆኗል። ክኒኔ ስድስት ሰዓት አልፏታል። ያውም ሳልተኛ ባደርኩበት ቀን።

ልወድቅ ስል የተቃጠለ ጎማ ይሸተኛል። አሁን ሸተተኝ። ወይም የሸተተኝ መሰለኝ፤ በዚያች ሰዓት ልዩነቱን መናገር አልችልም ነበር። ወለሉን አየሁት፣ የሚያብረቀርቅ ድንጋይ ነው። ጭንቅላቴ በየትኛው በኩል እንደሚያርፍ አሰብኩ። አንድ ክኒን አወጣሁ። ስድስት ሰዓት ካለፈኝ አንድ ይበቃኛል? ሁለተኛዋን አወጣሁ። ሐኪሙ አትደርቢ ብሏል። ሁለቱም መዳፌ ላይ በላብ ራሱ። የእኔ ስልክ ባትሪ ከጨረሰ ቆይቷል።

«እትዬ፣ ስልክዎን ያውሱኝ። እናቴ ጋ ልደውል።»

ፊቴን አይተው ሳይጠይቁ ሰጡኝ። በኤርፖርቱ ኢንተርኔት ደወልኩ።

«እማዬ፣ ስንት ሰዓት ነው?»

«ደረሳችሁ? ተመስገን! ምን አበሏችሁ?»

«እማዬ፣ ስንት ሰዓት ነው አልኩሽ!»

«ምን ያስጮህሻል? ሁለት ነዋ! ዜናው እየጀመረ ነው፣ አይሰማሽም?»

ተሰማኝ። ያው ሙዚቃ፣ ከዚያው ሳሎን። በላዩ ላይ እናቴ ከሶፋዋ «ክኒን!» አለች።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት ጀምረን ነው፤ አቆጣጠራችን ከሌላው ዓለም በስድስት ሰዓት ይለያል። ብራዚልም ከእኛ በስድስት ሰዓት ትለያለች። ግድግዳው ላይ ያለው ሁለት በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ ስምንት ነው፤ ስድስት ሲጨመርበት አገር ቤት ከምሽቱ ሁለት ይሆናል፤ ሁለቱ ስድስቶች ተጣፍተዋል። እኔ የእነሱን ስድስት ቆጥሬ የራሳችንን፣ ከተወለድኩ ጀምሮ የምኖርበትን ረሳሁት። ሰዓቴን አልነካኋትም። አንዷን ክኒን ያለ ውሃ ዋጥኩና ሌላዋን ወደ ቦርሳዬ መለስኩ። እንባዬ መጣ። የጎማው ሽታ ጠፍቷል፤ መጀመሪያውኑ መኖሩን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ስልኩን ስመልስ ግን ሌላ ፍርሃት ጠበቀኝ። የእናቴን ድምፅ እንኳን እትዬ ሰልፉ ሁሉ ሰምቶታል።

«የምን ክኒን ነው?» አሉኝ።

የደም ግፊት ነው ልል አፌን ከፈትኩ። ለመዋሸት እንኳን ጉልበት አጣሁ። እሳቸው ከንፈሬን እያዩ ነበር።

«ያ ምልክት የሻይ አይደለም፣ አይደል?»

«ክብሪት ነው» አልኩ።

ፓስፖርታችን ላይ ማህተም ተመታ፣ አለፍን። ሻንጣችንን እየጠበቅን ሳለ፣ እኔን ሳያዩ፣ «እኔም ጭሬ አውቃለሁ» አሉ። «እዚያው ፋብሪካ፣ አንዲት ልጅ ላይ። ያዳንኳት መስሎኝ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ለማሽን አትሆንም ተብላ ተሰናበተች። ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ሻንጣ መግፊያው ላይ ተደገፍኩ። ሥራዬ እዚያው ያለቀልኝ መሰለኝ። የመመለሻ ትኬቴን ሰዓት ሁሉ ማሰብ ጀመርኩ። የእትዬ ሻንጣ መጣች። አላነሷትም፤ ዞራ ሄደች።

«ብትወድቂ ምን ላድርግ?» አሉኝ።

በጎኔ እንዲያስተኙኝ፣ አፌ ውስጥ ምንም እንዳይከቱ፣ እስክነቃ አጠገቤ እንዲቀመጡ፣ ብዙ ከቆየሁ ሐኪም እንዲጠሩ ነገርኳቸው። እትዬ በጣታቸው እየቆጠሩ ከኋላዬ ደገሙት።

«ክብሪትስ?»

«ክብሪት አይጭሩ።»

በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሆቴሉ አንድ ክፍል ነበር የያዘልን፣ ሁለት አልጋ ያለው። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው የስልካቸውን ማንቂያ ከፈቱ።

«ለክኒንሽ ስንት ሰዓት ላይ ልቀስቅስሽ?»

«ሁለት ሰዓት ላይ።»

«በእኛ ነው በእነሱ?»

«እዚህ አገር አንድ ነው፣ እትዬ።»