የከበቡሽ ፊት በሰፊው ሌንስ

ታምሩ ሀዋሳ ፒያሳ ላይ፣ አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቷል። በ1975 ዓ.ም. አንድ ሩሲያዊ የእርሻ ባለሙያ አገሩ ሊገባ ሲል ሰፊ ቦታ የሚያስገባ ሃያ ሚሊሜትር ሌንስ ሸጠለት። ከዚያ ወዲያ ታምሩ ሌላ ሰው ሆነ። ሐይቁን ከዳር እስከ ዳር አነሳበት፤ ፒያሳን ከነሕንጻዎቹ በአንድ ፎቶ ጠቀለለበት። የፎቶው ጫፍ ላይ የቆመ ነገር እንደሚለጠጥም ቶሎ አስተዋለ፤ አንዲት ትንሽ የቮልስዋገን መኪና አውቶቡስ አክላ ስትወጣ ብቻውን ስቋል።

በዚያው ዓመት እናቱ ከበቡሽ የገብርኤልን ማኅበር በቤቷ ደገሰች። ክፍሏ ጠባብ፣ ማኅበርተኛው አሥራ አራት። በድሮው ሌንስ ሁሉንም ማስገባት የማይታሰብ ነው። ታምሩ ጀርባውን ከግድግዳው አጣብቆ አዲሱን ደገነ። ከበቡሽ የጠላውን ማንቆርቆሪያ እንደያዘች ጥግ ላይ ቆማለች።

«እማዬ፣ መሃል ግቢ።»

«ደጋሽ ከእንግዳ መሃል ትሰየማለች እንዴ? አንሳ ዝም ብለህ፣ ጠላው ሞቀ!»

ጫፍ ላይ መሆኗን ያውቃል። እጇን ይዞ ቢያስገባት ይበቃ ነበር። ግን ያን ሁሉ ሰው በአንድ ፎቶ የማስገባት ጉጉቱ አቅበጠበጠው፤ የካሜራውን ቁልፍ ተጫነ።

ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ የከበቡሽ ጉንጭ ተለጥጦ ወጥቷልና ማኅበርተኛው ተሳሳቀ። «ከበቡሽ፣ ይቺ ጉንጭሽ ብቻዋን ማኅበር ትጠጣለች!» አሏት አቶ ብዙአየሁ። እሷም አብራ ሳቀች። ከዚያ በኋላ ግን ልጇ ካሜራ ባነሳ ቁጥር ፊቷን ታዞር ጀመር። «ተወኝ ልጄ፣ ያቺው ትበቃኛለች።» እሱም ሌላ ቀን አባብላታለሁ ሲል ሁለት ዓመት አለፈ።

በ1977 በሦስት ቀን ሕመም ሞተች።

ለቅሶው ላይ ታናሽ እህቷ ሽታዬ እጇን ዘረጋች። «ፎቶዋን አምጣ እንጂ፣ ይዘን እናልቅስላት!»

የመታወቂያዋ ጉርድ ፎቶ ግማሹ በማኅተም ቀለም ተውጧል። ታምሩ ፎቶ ቤቱ ጨለማ ክፍል ገብቶ የማኅበሩን ኔጋቲቭ አወጣ። የተለጠጠውን ፊቷን ለማስተካከል የማተሚያ ወረቀቱን አዘንብሎ አተመ፤ ጉንጯ ቀጠነ፣ አፏ ግን ተጣመመ። ደግሞ አተመ። አራት ጊዜ ሞከረ፤ አራት የማያውቃቸው ሴትዮዎች ከፎቶ ማጠቢያው መድኃኒት ውስጥ ቀና ብለው አዩት።

ባዶ እጁን ተመለሰ። «የለም፣ አክስቴ።»

«የለም? የከተማውን ሰው ሁሉ ስታነሳ ኖረህ?»

ሽታዬ ጓዳ ገብታ የእህቷን ቀሚስ ይዛ ወጣች፤ ሴቶቹ ተቀባብለው አለቀሱበት። ታምሩ ፊቱን በእጁ ሊሸፍን ቃጣውና ተወው፤ መዳፉ ገና ያንን የፎቶ መድኃኒት ይሸት ነበር።