ለጎልፍም ለዕለት ኑሮም

አማቼ፣ የልጄ ባል፣ አዲስ አበባ ከአለቆቹ ጋር ጎልፍ ይጫወታል። ይጫወት፤ ሰው እንጀራውን የሚያገኝበት መንገድ ብዙ ነው። እኔን የነካኝ፣ ለዚሁ ጨዋታ ብሎ የገዛው ሰዓት ደብረ ታቦር ድረስ መጥቶ እጄ ላይ መታሰሩ ነው።

ነገሩ የጀመረው በጥቅምት ነው። ጋፋት ያለችኝን የገብስ ማሳ ለማየት ብቻዬን ስሄድ እግሬ ድጥ ላይ ተንሸራተተና ወደቅሁ፤ መንገደኛ እስኪያነሣኝም እዚያው ተጋድሜ ቆየሁ። ለማንም አልተናገርሁም። ጎረቤቴ ግን ወሬ ሆዱ ውስጥ አያድርምና ልጄ በማግስቱ ደወለች።

«አባባ፣ ከጥምቀት በኋላ መኪና ይዘን እንመጣለን። ከእንግዲህ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት።»

እናቷ ካረፈች ወዲህ ይህን ስትል የመጀመሪያዋ አልነበረም። በዚህ ጊዜ ግን ድምፅዋ የእኔን ይመስል ነበር፤ እኔ ልጆቼን ሳዝዝ የምናገርበትን።

«አልመጣም» አልኋት።

«እንግዲያው የባለቤቴን ሰዓት እልክልዎታለሁ፤ ከእጅዎ አይለዩት። ቢወድቁ እሱ ራሱ ይደውልልኛል። እስከ ጥምቀት አይቼ እወስናለሁ።»

አማቼም ከጀርባዋ ሆኖ «ለጎልፍም ለዕለት ኑሮም የሚሆን ነው አባባ!» ሲል ሰማሁት። ሻጩ ያለውን መድገሙ መሰለኝ። እኔ ግን በገዛ ቤቴ እንደማረጅ ወይም በሰው ሳሎን ቴሌቪዥን ሳይ እንደምከርም የሚወሰነው በዚህ ዕቃ ምስክርነት ሆነ።

ሰዓቱ በኅዳር ደረሰ። እንግሊዝኛን ከአሮጌ መዝገበ ቃላት ራሴን ያስተማርሁ ሰው ነኝና መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር አነበብሁት። ሰዓቱ ስድስት ሰዓት አስቀድሞ መቁጠሩን ይቅር አልሁት፤ ባንክ ቤቱም እንዲሁ ያደርጋል። ጠባዩ ግን ወዲያው አልተስማማኝም። ጾመ ነቢያትን እየጾምሁ በጠዋቱ ውኃ ጠጣ ይለኛል። ቅዳሴ ላይ መቋሚያ ተደግፌ ቆሜ ሳለሁ፣ ብዙ ተቀምጠሃልና ተነሥተህ ተንቀሳቀስ ይለኛል። ማስቀደስን ከስንፍና የሚቆጥር ዕቃ ለአንድ ክርስቲያን የዕለት ኑሮ እንዴት ይሆናል?

እውነት ለመናገር ግን አንድ ጊዜ ረድቶኛል። በዕድር ስብሰባ ላይ ያ ጎረቤቴ፣ ጡረታ የወጣው ሹፌር፣ ስለ ድንኳን ኪራይ ንግግሩን ሲያረዝም፣ ሰዓቱ ተንቀጠቀጠና ልብህ በኃይል እየመታ ነው፣ በረጅሙ ተንፍስ አለኝ። ተነፈስሁ። ሳልናገር የወጣሁበት የዕድር ስብሰባ ያ ብቻ ነው።

የጎልፉ ወገን ግን ሳይፈተን ቀረ። ባልፈተኑት ነገር ላይ መፍረድ ደግሞ ለልጆቼ ስከለክል የኖርሁት ነው። መዝገበ ቃላቱ ጎልፍ ማለት ትንሽ ኳስ በዱላ እየመቱ ጉድጓድ ውስጥ ማስገባት ነው ይላል። ይህማ የእኛው ገና ነው፤ ልዩነቱ በጎልፍ ኳሷን የሚቀማህ ሰው አለመኖሩ ነው። ተቀናቃኝ የሌለው ጨዋታ ለአለቆች መመቸቱ አልገረመኝም።

የገና ዕለት ከሰዓት በኋላ ሜዳው ላይ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ተሰልፈዋል። ሽማግሌውም ጎረምሳውም ዱላ ይዟል። እኔ ለዓመታት ዳር ቆሜ ማየት እንጂ መግባት ትቻለሁ። ያን ቀን ግን ዱላ ተዋስሁና የሰዓቱን የጎልፍ ቁልፍ ተጫንሁ። ጥቂት ሲፈልግ ቆየና በአቅራቢያህ ሜዳ አልተገኘም አለኝ። ያን ሁሉ ሰው የያዘ ሜዳ መሐል ቆሜ ነው።

ተናድጄ በታች ሰፈር በኩል ገባሁ። ሩሯ፣ ያቺ ከእንጨት የተጠረበች ድቡልቡል፣ ወደ እኔ ስትመጣ እንደ ወጣትነቴ ዱላዬን ብሰነዝር ዱላው አየር ቀዝፎ እግሬ ከእግሬ ተጠላለፈና ሣሩ ላይ ተዘረጋሁ። ሰዓቱ ተንቀጠቀጠ። በረጅሙ ተንፍስ ሊለኝ ነው ብዬ ናቅሁት። ጥቂት ቆይቶ ከእጄ ላይ የልጄ ድምፅ ሜዳውን ሞላው።

«አባባ! ወደቁ እንዴ? አባባ ይናገሩ እንጂ!»

ጨዋታው ቆመ፤ ሁሉም እጄን አየ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ነውና ያን ቀን አንቱታ ከሜዳው ውጭ ይቀራል። ዓመቱን ሙሉ ከመቀመጫው ተነሥቶ አንቱ የሚለኝ ሹፌር፣ አጥራችን የሁለቱ ሰፈር ወሰን ነውና፣ ከላይ ሰፈሮች መሐል ዱላውን ከፍ አድርጎ ወጣና ስድቡን በግጥም አወረደው፦

«ልጅ ሲገሥጽ ኖሮ ተቀምጦ በቤቱ፣
ሩር ጠልፋ ጣለችው ዛሬ ከነሰዓቱ።»

ሜዳው በሣቅ ፈነዳ። ተሰድቦ ዝም ያለ ሰው ሁለት ጊዜ እንደ ወደቀ ይቆጠራል። ስለዚህ ገና ሣሩን ከልብሴ ሳላራግፍ መለስሁለት፦

«እኔስ ልጅ አለችኝ የምታነሣኝ ጠርታ፣
አንተን ማን ያነሣህ ከመጠጥ ቤት ተርታ!»

የታች ሰፈር ልጆች ጨፈሩ። ሹፌሩ ራሱ ሆዱን ይዞ ሣቀ፤ እኔም ሣቅሁ፣ ዓይኔ እንባ እስኪያወጣ። መስመሩ ክፍት መሆኑ ትዝ ያለኝ ከዚያ በኋላ ነው። ልጅ በፊቱ ከተመሰገነ ይበላሻል የሚል እምነት ነበረኝና አንድም ቀን እሷን ፊት ለፊት አመስግኛት አላውቅም። እጄን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁ።

«አለሽ?» አልኋት።

«አለሁ። አባባ፣ ማነው እሱ?»

«ለአንቺ ወሬ የሚያቀብልሽ ነዋ።»

«እሳቸው? አንተ ብለው?»

«ዛሬ ይፈቀድላቸዋል። ነገ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አንቱ ይሉኛል።»

«እንዲህ ሲሥቁ ሰምቼ አላውቅም። እኛ ጋ ቢመጡ ማን ይሰድብዎታል?»

«ባልሽ ይሞክር።»

«እሱማ ጎልፍ ነው የሚጫወተው፤ እዚያ ጸጥታ ነው።» እየሣቀች ይሁን እያለቀሰች መለየት አልቻልሁም። «ይሁን፣ እዚያው ይቀመጡ። ሰዓቱ ግን አይወልቅም።»

«አይወልቅም።»

«ቅድም ያሉት ግን... ለጨዋታ ነው ወይስ የእውነትዎን?»

«የመጠጥ ቤቱ እውነት ነው» አልኋት።

«የፊተኛውስ?»

«ሩሯ መጣች፤ ልዝጋው።»

ሩሯ አልመጣችም ነበር፤ ሌላኛው የሜዳው ጫፍ ላይ ነበረች። ጥምቀትም አለፈ፤ መኪናው ሳይመጣ ቀረ። አማቼ ሰዓቱ እንዴት እንደሆነ ሲጠይቀኝ ለጎልፍ እንደማይሆን ነገርሁት።