በሁዳዴ የተጠበሰው ዓሣ

ዛሬም በሐይቁ ዳር ሳልፍ ዓሣ በትኩስ ዘይት ሲንጣጣ ከሰማሁ እግሬ ይቆማል። ሽታው ከእርጥቡ ነፋስ ጋር ተደባልቆ ሲመጣ አንድ የሁዳዴ ሰሞን ትዝ ይለኛል። በዚያ ሰሞን ከቤታችን ማንም ዓሣ አይቀምስም ነበር፤ እናቴ ግን በሳምንት ሁለት ቀን ትጠብስ ነበር። እንዴት እንደሆነ ላጫውትሽ።

ጊዜው የደርግ ነው። እኔ ሃያ ዓመት ያልሞላኝ፣ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ክር መፍተያ ክፍል የምሠራ ልጅ ነበርሁ። ከጎኔ ባለው ማሽን ላይ ከወለጋ የመጣች ሴት ትሠራለች። በዕድሜ ትበልጠኛለች። የጥጥ ብናኝ ሽፋሽፍቷ ላይ ተቀምጦ፣ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያታለሁ። ስትዘምር ነው። ክር ሲበጠስብኝ ሳልጠራት መጥታ ትቀጥልልኝና ወደ ማሽኗ ትመለሳለች። ጴንጤ መሆኗን ክፍሉ ሁሉ ያውቃል። እኔ የመሪጌታ የልጅ ልጅ ሆኜ ከሰው ሁሉ የምቀርበው እሷን ነበር።

አንድ እሑድ ከእምነት ጓደኞቿ ጋር ፋሲሎ ሰፈር ውስጥ ከአንድ ቤት ተሰብስበው ሲጸልዩ ተያዙ። "እጅሽን አንሥተሽ 'ከሁሉም በላይ አብዮቱ' በይና ወደ ቤትሽ ሂጂ" ቢሏት፣ "ከሁሉም በላይስ እግዚአብሔር ነው" አለች አሉ። ታሰረች።

ያን ጊዜ እስረኛ የሚበላው ከቤቱ የሚመጣለትን ነው። የእሷ ዘመድ ያለው ወለጋ ነው። ስንቅ ይዘው የሄዱት የእምነት ወንድሞቿም እዚያው ታሰሩ። ይህን ስነግራት እናቴ ምስር እየለቀመች ነበር። ጴንጤ የሚለውን ቃል ሳታማትብ የማትጠራ ሴት ናት። ምስሩን ወደ ጎን ገፋ አደረገችና፣

"ጾሙን ትጾማለች?" አለችኝ።

"እነሱ እንደኛ አይጾሙም።"

"እንግዲያ በእኛ ጾም ለምን ትራብ?"

በማግሥቱ ዓሣ ገዝታ ጠበሰች። ሁለታችንም ጿሚ ስለሆንን የሚቀምስ የለም፤ ጨው በግምት ተነሰነሰ። ወህኒ ቤቱ በር ላይ ጠባቂው መዝገብ ይዞ፣ "ምንሽ ናት?" አለኝ።

"እህቴ" አልሁት።

ሳህኑን ባዶውን ሲመልስልኝ እየሳቀ፣ "'ጨው በዝቶበታል፤ ቢሆንም እግዜር ይስጣችሁ' ብላለች" አለኝ። እናቴ ያን ቀን ከልቧ ሳቀች።

በአራተኛው ሳምንት ቀበሌ ተጠራሁ። ሊቀ መንበሩ ስሜን ከመዝገቡ ቀድቶ ይዞታል። "እህት ከየት አመጣሽ? አንቺም ገባሽበት?" አለኝ። አልተቆጣም፤ አለመቆጣቱ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ። ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተና፣ "ሁለተኛ እዚያ በር እንዳትታዪ" አለ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እናቴ የጠበሰችውን ዓሣ ይዤ ከቤት እወጣለሁ፤ ደንገሉ ወደበዛበት ዳርቻ እወርድና ሐይቁ ውስጥ እደፋዋለሁ። ሳህኑን እዚያው አጥቤ እመለሳለሁ። "ደኅና ናት?" ስትለኝ፣ "ደኅና ናት" እላለሁ። ሁለት ሳምንት እንዲህ ሆነ። አሁን ያ ዳርቻ ወንበርና ጥላ ተደርድሮበት ሰው ይዝናናበታል፤ እኔ ግን እዚያ ተቀምጬ አላውቅም።

አንድ ቀን እናቴ ሳህኑን ስትቀበለኝ፣ "ሰሞኑን ጨው ቀንሼላታለሁ፤ ምን አለች?" አለችኝ። መዋሸት አቃተኝ። እንባዬ ቀደመኝ፤ ሁሉንም ነገርኋት።

አልተቆጣችም። የቀረውን ዓሣ ጠበሰች፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ ወጣች። ከኋላ ተከተልኋት። ጠባቂው አንገቷ ላይ ያለውን ማተብ አየና፣

"እናት፣ ማተብ አስረው ለጴንጤ ስንቅ?" አላት።

"የራበውን ሰው ሃይማኖቱን ጠይቄ አላበላም።"

"ምንዎ ናት ብዬ ልጻፍ?"

"ልጄ ብለህ ጻፍ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ አብረን ሄድን። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት አብረዋት የታሰሩ ሴቶች ከስንቃቸው እየቆረሱ እንዳበሏት ኋላ ሰማን። ሊቀ መንበሩም ዳግመኛ ጠራኝ፤ እናቴ ቀድማኝ ገብታ ፊት ለፊቱ ስትቀመጥ በእጁ ምልክት አሰናበተን።

ክረምቱ ሲወጣ ተፈታች። ከተማውን ለቃ እንድትሄድ ተነግሯት ነበርና ቀጥታ ወደ ቤታችን መጣች። ከስታለች፤ ጸጉሯ ተላጭቷል። እናቴ መልኳን አይታው አታውቅም። በሩ ላይ ቆማ፣ "እማማ፣ ጨው የሚያበዙት እርስዎ ነዎት?" አለች። እናቴ አንገቷን አቅፋ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀቻትም። ያን ምሽት አንዷ በሥዕሉ ፊት ቆማ፣ ሌላዋ በአልጋው አጠገብ ተንበርክካ ሲጸልዩ ከመሀላቸው ተቀምጬ ነበር። እኔ መጸለይ አልቻልሁም።

ጠዋት አውቶቡስ ተራ ሸኘኋት። ጉም ከሐይቁ ተነሥቶ መንገዱን ሸፍኖታል። ረዳቱ "መራዊ! ዳንግላ!" እያለ ይጣራል። እጇን ያዝሁና፣ "በሁዳዴ እኮ፣ ያ ሁለት ሳምንት..." ብዬ ጀመርሁ።

"ታመሽ ነበር" አለችኝ። "እናትሽ በጠባቂው በኩል መልእክት ልከውልኝ ነበር። አይዞሽ፣ በየቀኑ ስጸልይልሽ ነበር።"

እናቴ ስትዋሽ ሰምቼ አላውቅም።

"አሁንስ በደንብ ዳንሽ?" አለችኝ፣ ግንባሬን በመዳፏ እየዳሰሰች።

"ድኛለሁ" አልኋት።

ሳመችኝና ገባች። ከዚያ ወዲያ አላየኋትም።